የዕለት ምልልስ፦ የተመላላሽ ባቡር ታሪክና ሐዲድ ያልደረሰባት አርባ ምንጭ



የዛሬው ርእሴ ለዚህ አዳራሽ ባዕድ ሊመስል ይችላል። አርባ ምንጭ ሐዲድ የላትም፤ በጋሞ ዞን የባቡር ፉጨት ተሰምቶ አያውቅም። ታዲያ ሠራተኛን ጠዋት ወደ ሥራው አድርሶ ማታ ወደ ቤቱ ስለሚመልስ ባቡር እዚህ ቆሞ መናገር ምን ይፈይዳል? ሁለት ምክንያቶች አሉኝ። አንደኛው፣ የዚህ አካባቢ ልጆች የሆኑት ሸማኔዎች የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የከተማ ባቡር በተዘረጋባት ከተማ ውስጥ ለበርካታ ትውልዶች መኖራቸው ነው። ሁለተኛው፣ አርባ ምንጭ በአገሪቱ የባቡር ካርታ ላይ በዕቅድ ደረጃ የሰፈረች ከተማ መሆኗ ነው። በወረቀት ላይ ያለ መስመር ገና ሊታረም ይችላል፤ ሐዲዱ ከተነጠፈ በኋላ ግን ማረም እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ዛሬ መመርመሩ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

1. ተመላላሽ ባቡር የሚባለው የትኛው ነው?

በቅድሚያ ቃሉን እንመርምር። በኢትዮጵያ «ባቡር» ሰፊ ቃል ሆኖ ኖሯል። ወፍጮውም ባቡር ተብሏል፤ በምኒልክ ዘመን በአርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን አማካይነት አዲስ አበባ የገባው በእንፋሎት የሚሠራ ተሽከርካሪ «ሰርኪስ ባቡር» ተብሏል፤ በሐዲድ የሚሄደውን ከእነዚህ ለመለየት «ምድር ባቡር» ማለት አስፈልጎ ነበር። በምድር ባቡሩም ውስጥ ቢሆን ልዩ ልዩ ዓይነቶች አሉ። ወደብን ከመሀል አገር የሚያገናኝ አለ፤ ማዕድንን ከጉድጓድ ወደ ፋብሪካ የሚያጓጉዝ አለ፤ የከተማን ዳርቻ ከመሀሉ ጋር የሚያስተሳስር ደግሞ አለ። የዛሬው ጉዳያችን ይህ ሦስተኛው ነው።

የዚህ ዓይነቱ ባቡር ጥንታዊ ምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1836 ጀምሮ በለንደንና በግሪኒች መካከል በየክፍሉ የተከፈተው አጭር መስመር ነው። በአሜሪካ ደግሞ ኩባንያዎች በየዕለቱ ለሚመላለሱ ደንበኞቻቸው ዋጋው የተቀነሰ የወር ወይም የዓመት ቲኬት ይሸጡ ነበር፤ ዛሬ በእንግሊዝኛ ተመላላሹን መንገደኛ የሚጠራው ቃል የተወለደው ከዚያ የቅናሽ ቲኬት ስም ነው። የብሪታንያ ፓርላማም እ.ኤ.አ. በ1883 ባወጣው ሕግ ኩባንያዎች ለሠራተኞች በርካሽ ዋጋ በቂ ባቡሮች እንዲያቀርቡ አስገድዷል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንማረው፣ አንድን መስመር የተመላላሽ የሚያደርገው የሐዲዱ ዓይነት አለመሆኑን ነው። መለያዎቹ ሦስት ናቸው። ጣቢያው ሰው ከሚኖርበትና ከሚሠራበት ቦታ በእግር የሚደረስ መሆን አለበት። ሰዓቱ የታመነ መሆን አለበት። ዋጋው ደግሞ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሊከፈል የሚችል መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ባቡሩ ባቡር መሆኑ አይቀርም፤ ተመላላሹ ግን ወደ ታክሲው ይመለሳል። በዛሬው ንግግሬ እነዚህን ሦስት መለያዎች እንደ ሚዛን እጠቀምባቸዋለሁ።

2. በከተሞች መሀል ያለፈው የጅቡቲ መስመር

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ግንባታ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ከተማ ወደቆመችበት ስፍራ ደረሰ። ከዚያ ገንዘብ አጠረ፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ፈረሰ፤ ሌላ ኩባንያ ተተካ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃዱን ከሰጡ 23 ዓመታት አልፈው ነበር፤ እሳቸውም ባቡሩ መዲናቸው ሲገባ ለማየት አልታደሉም።

የመስመሩ ርዝመት 780 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሐዲዱ የአንድ ሜትር ስፋት ነበረው። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ጣቢያ ከፈረንሳይኛው ቃል «ለገሃር» የሚለውን ስም ለሰፈሩ አትርፎለታል። ከለገሃር የተነሣው ባቡር በአቃቂ፣ በዱከም፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በናዝሬት በኩል ያልፋል። ዛሬ ካርታውን ስናይ ይህ ሰንሰለት ለተመላላሽ አገልግሎት የተቀየሰ ይመስላል። የፋብሪካ ከተሞች፣ ገበያዎችና የመዝናኛ ሐይቆች በመቶ ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ በአንድ ሐዲድ ላይ ተደርድረዋል፤ ጣቢያዎቹም በየከተሞቹ መሀል ነበሩ። እንዲያውም በርካታዎቹ ከተሞች ያደጉት በጣቢያዎቹ ዙሪያ ነው። ከሚዛናችን የመጀመሪያው መለያ፣ ቅርበት፣ ተሟልቶ ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መስመሩ የጠዋትና የማታ ምልልስ ባቡር ሳይሆን ኖሯል። ምክንያቱ የተሠራበት ዓላማ ነው። የኩባንያው ዋና ገቢ የወደብ ጭነት ነበር፤ ቡናና ቆዳ ይወርዳል፣ ጨርቅ፣ ብረታ ብረትና ነዳጅ ይወጣል። የጊዜ ሰሌዳው የተዘጋጀው ለረጅሙ ጉዞ ነው፤ አንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት በጣቢያ ብቻ በመሆኑም፣ በየግማሽ ሰዓቱ የሚመላለስ ባቡር ለማስገባት ብዙ ቦታ አልነበረም። መንገደኛው ሕዝብ ባቡሩን አልጠላውም፤ በየጣቢያው ከነሸቀጡ ተጭኖበታል፤ በፉርጎዎቹም ውስጥ የአንድ ሙሉ አገር ኑሮ ተመላልሷል። ነገር ግን ሰዓቱና ዋጋው የአቃቂን ሠራተኛ አስበው የተወሰኑ አልነበሩም። የመኪና መንገዱ ሲሻሻል መጀመሪያ ባቡሩን የተወው የአጭር ርቀት መንገደኛ መሆኑ የሚገርም አይደለም። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ክፍል ሥራውን አቆመ።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጅቡቲ መስመር በፍጥነትም በአቅምም ከአሮጌው የሚወዳደር አይደለም። ጣቢያዎቹ ግን ከከተማ መሀል ወጥተዋል። የአዲስ አበባው መንገደኛ የሚሳፈረው ከለገሃር መሆኑ ቀርቶ ከፉሪ ለቡ ሆኗል፤ በሌሎቹ ከተሞችም ጣቢያው ከመሀል ከተማው ርቆ ይገኛል። መሬት ማስለቀቁ ቀንሷል፤ መስመሩ ቀጥ ብሏል፤ የጭነቱም ሥራ ተቃንቷል። በምትኩ ወደ ጣቢያው ለመድረስ ሌላ ተሽከርካሪ የሚያስፈልገው መንገደኛ ምልልሱን በባቡር ለማድረግ የሚያበቃ ምክንያት አጥቷል። አሮጌው መስመር ቅርበት ኖሮት ሰዓት አልነበረውም፤ አዲሱ ፍጥነት ኖሮት ቅርበት አጣ።

3. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር

በኢትዮጵያ ምድር ለተመላላሹ ሰው ታስቦ የተሠራ የመጀመሪያው ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። ያን ቀን የተከፈተው ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የሚዘልቀው የሰሜን ደቡብ መስመር ሲሆን፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው የምሥራቅ ምዕራብ መስመር በዚያው ዓመት ጥቅምት 29 ቀን ተከተለው። የሁለቱ ጠቅላላ ርዝመት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 39 ጣቢያዎች አሏቸው፤ በከተማው መሀል ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ግንባታው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የፈጀ ሲሆን፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ሥራውን ያከናወነው አንድ የቻይና የባቡር ግንባታ ድርጅት ነው፤ ለመስመሩ 41 ባቡሮች ተገዝተዋል።

በሚዛናችን ስንመዝነው ይህ መስመር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሦስቱንም መለያዎች አሟልቶ ነበር። በአውቶቡስ ተራ፣ በሜክሲኮ፣ በመገናኛ፣ በሳሪስ፣ ሕዝብ በሚጎርፍባቸው ስፍራዎች ሁሉ ጣቢያ ተተከለለት። ታሪፉ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። በቀን ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠቅመውበታል። ለታክሲ ረጅም ሰልፍ ይጠብቅ የነበረ ሠራተኛና ተማሪ የሥራና የትምህርት ሰዓቱን በባቡሩ መለካት ጀመረ። ከሰፊው አገልግሎት ጎን ዋጋም ተከፍሏል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለመስመሩ ግንባታ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነሥቶ ቆይቶ ነው የተመለሰው። በመሬት ላይ በታጠረው የመስመሩ ክፍል ጎረቤታሞች የነበሩ ሰፈሮች ተለያዩ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለ ሱቅ ለመድረስ ረጅም ዙር የሚሄዱ አረጋውያን አሉ። ከተማን የሚያገናኝ መስመር ከተማን ሊከፍልም እንደሚችል ይህ ጥሩ ትምህርት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ግን ከዚህ የከበደ ነው። ባቡሮቹ አንድ በአንድ ከሥራ መውጣት ጀመሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከ41ዱ በሥራ ላይ የሚገኙት ከግማሽ በታች ሆኑ። በሚሠሩት ላይ መጨናነቅ በረታ፤ መጠበቂያው ጊዜ ረዘመ፤ የኤሌክትሪክ መቆራረጥም ተጨመረበት። ሰዓቱ ሲጠፋ ከሦስቱ መለያዎች አንዱ ጠፋ ማለት ነው።

የዚህን ምክንያት በሙሉ በአንድ ሰው ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት ላይ መጫን ቀላል ነው፤ የታሪክ ተማሪ ግን ወደ አሠራሩ መግባት አለበት። ቲኬቱ በብር ይሸጣል። ብድሩ በዶላር ይከፈላል። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ሁሉ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። መስመሩ በተከፈተበት ዓመት አንድ ዶላር 21 ብር ገደማ ነበር፤ ስለዚህ ከፍተኛው የ6 ብር ቲኬት ወደ 29 የአሜሪካ ሳንቲም ይመነዘር ነበር። ከ2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ ያው 6 ብር 6 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ታሪፉን በዚሁ ልክ ማሳደግ ደግሞ ከሦስቱ መለያዎች ሌላኛውን፣ ዋጋውን፣ ያጠፋል። በዓለም ላይ አብዛኞቹ የከተማ ባቡሮች ከቲኬት ገቢ ብቻ አይተዳደሩም፤ ልዩነቱን የሚሸፍን የታወቀ ምንጭ ይመደብላቸዋል። ለሐዲዱ ብድር ስንፈራረም ለመለዋወጫው የሚሆነውን ዓመታዊ ገንዘብ በዚያው ውል ላይ ካላሰብንበት፣ የምረቃው ቀን የመስመሩ ምርጥ ቀን ሆኖ ይቀራል።

4. ሽሮ ሜዳና የዓመት ምልልስ

አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች ልመለስ። የሰሜን ደቡብ መስመር በሰሜን በኩል የሚያበቃው በምኒልክ አደባባይ ነው። ከዚያ አልፎ ወደ እንጦጦ ግርጌ ሲወጣ ሽሮ ሜዳ ይገኛል። የዶርዜና የሌሎች የጋሞ ደጋማ አካባቢዎች ሸማኔዎች በትውልድ ቅብብሎሽ የሠፈሩበት፣ ድሩና ማጉ የሚገናኝበት፣ የአገር ልብስ ገበያ የሚደራበት ሰፈር ነው። የባቡሩ ታሪክ ከሸማኔው ታሪክ ጋር ሳይነካካ አልቀረም፤ በሐዲድ ከወደብ የመጣው የፋብሪካ ክር በሸማው ድር ውስጥ ቦታ አግኝቷል። ሸማኔው ግን የተመላላሽ ባቡር ደንበኛ አልሆነም። የሥራ ጉድጓዱ በመኖሪያው ውስጥ ነው፤ ጠዋት ከአልጋው እስከ መወርወሪያው ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ነው።

እሱ የሚመላለሰው በዓመት ነው። መስቀል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ጋሞ የሚጎርፈውን ሕዝብ እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። አውቶቡሱ ይሞላል፤ ቅቤውና ሥጋው ይዘጋጃል፤ ዓመቱን ሙሉ የተቋጠረ ገንዘብ በአንድ ሰሞን ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ ይወጣል። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ርቀት ምልልሱን የዓመት አድርጎታል። ልጅ ከአባቱ ጋር፣ ወንድም ከእርሻው ጋር የሚገናኘው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። የመጓጓዣ ታሪክ የቴክኖሎጂ ታሪክ ብቻ ተደርጎ ሲጻፍ ይህ ይዘለላል። ርቀት በቤተሰብ ላይ የሚጥለው ግብር አለ፤ የጋሞ ሸማኔ ይህን ግብር ሲከፍል ኖሯል።

5. ለደቡብ ሦስት ጊዜ የተገባ ቃል

ለመሆኑ ባቡር ወደዚህ እንዲመጣ ታስቦ አያውቅም? ታስቧል። የ1886ቱ ፈቃድ ሦስት ክፍሎች ነበሩት፤ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ ወደ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ። ሦስተኛው ክፍል አልተሠራም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከናዝሬት ወደ ዲላ የሚዘልቅ መስመር ታቅዶ ነበር፤ እሱም አልተሠራም። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን ደግሞ በአገሪቱ የባቡር መረብ ላይ ከሞጆ ተነሥቶ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ አልፎ ወደ ኮንሶና ወይጦ የሚወርድ መስመር ተካተተ፤ እስካሁን አልተሠራም። በሦስቱም ጊዜ ደቡብ የተፈለገው በዋናነት በሚጫነው ምርትና በሚያሻግረው በር ምክንያት ነው። በመስመሩ ላይ የሚመላለስ ሰው የዕቅዱ መነሻ ሆኖ አያውቅም።

ቃሉ ለአራተኛ ጊዜ ቢታደስና ቢፈጸም ምን ሊሆን ይችላል? ለዚህ የሐረርን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ባቡሩ ወደ ሐረር እንዲደርስ ነበር የታሰበው፤ ሆኖም አቀበቱ አስቸጋሪ በመሆኑ መሐንዲሶቹ ሐዲዱን በቆላው አሳለፉት፤ ድሬዳዋ ተወለደች፤ ጥንታዊቷ ሐረር የንግድ የበላይነቷን ለታናሿ አስረከበች። የእኛም አካባቢ ተመሳሳይ መልክዓ ምድር አለው። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ በ1950ዎቹ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ አንድ ጊዜ ይህ ሆኗል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መኪና ይህን 1,400 ሜትር ከፍታ በ37 ኪሎ ሜትር መንገድ ይወጣዋል። ባቡር ግን ቁልቁለትና ዳገት አይወድም፤ በ2 በመቶ ተዳፋት ይህንኑ ከፍታ ለመውጣት 70 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይፈልጋል። ስለዚህ የሚመጣ መስመር ቢኖር የስምጥ ሸለቆውን ወለል፣ የአባያን ዳርቻ፣ የላንቴንና የጫኖን የሙዝ እርሻ ተከትሎ እንደሚያልፍ መገመት አይከብድም። ደጋው ከመስመሩ ውጭ ይቀራል ማለት ነው። ሙዙን የሚያመርተው ቆላ ሲጠቀም፣ አፕሉንና ሸማውን የሚያወርደው ደጋ የሐረርን ዕጣ እንዳይወርስ ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል።

ሌላም ጥያቄ አለ። የዚች ከተማ የዕለት ምልልስ ዛሬ በግልጽ ይታያል። በሲቀላና በሴቻ መካከል ያለውን ዳገት ባጃጆች ከንጋት እስከ ምሽት ይወጡታል፣ ይወርዱታል። ተማሪ ወደ ግቢው፣ ነጋዴ ወደ ገበያው፣ ታካሚ ወደ ሆስፒታሉ ይሄዳል፤ ማታም ይመለሳል። ይህን ምልልስ የሚያገለግል ሐዲድ ዛሬ ያስፈልገናል ብዬ አልከራከርም፤ የከተማችን ስፋት በጥሩ አውቶቡስ የሚዳረስ ነው። የምከራከረው ጣቢያው የት ይሁን በሚለው ላይ ነው። ረጅሙ መስመር ሲመጣ ጣቢያው ከከተማው አሥራ አምስት ወይም ሃያ ኪሎ ሜትር ርቆ ሜዳ ላይ ቢተከል፣ የፉሪ ለቡን ታሪክ እንደግመዋለን። በከተማው ውስጥ እንዲገባ ከተፈለገ ደግሞ ቦታው ቤት ሳይሠራበት ዛሬ በከተማው ፕላን ላይ መከለል አለበት። ነገ ሰው ከሰፈረበት በኋላ መስመሩን ለማስገባት ቤት ማፍረስ ግድ ይሆናል፤ ያኔ የሚፈርሰው የድሃው ቤት እንደሚሆን ከታሪክ እናውቃለን።

6. መደምደሚያ

ክቡራን፤ የ1886ቱን ፈቃድ፣ የለገሃርን ፉጨትና የ2008ቱን ምረቃ በአንድ ክር ስንሰፋቸው የምናገኘው ይህን ነው። ኢትዮጵያ ባቡር መሥራት ችላለች፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። የከበዳት መስመሩን ለተመላላሹ ሰው ማዋልና ከተከፈተ በኋላ ጠብቆ ማቆየት ነው። ለዚህም ሦስት ጥያቄዎችን ከዕቅዱ በፊት ማንሣት ይበቃል። ጣቢያው ከማን ደጅ ይቆማል? መለዋወጫው በማን ገንዘብ፣ በየትኛው ምንዛሪ ይገዛል? መስመሩ የማያልፍባቸው ሰዎችስ ወደ መስመሩ በምን ይደርሳሉ?

በጋሞ ባህል የጋራ ጉዳይ የሚቀርበው ለዱቡሻ ነው። በዱቡሻ ላይ ሰው ሁሉ ተራውን ጠብቆ ይናገራል፤ ነገሩ እስኪጠራ ድረስም ይደመጣል። የባቡሩ ጉዳይ ወደ ዋና ከተማዋ ጽሕፈት ቤቶች ከመሄዱ በፊት ወደዚህ አደባባይ ቢመጣ፣ ከመሐንዲሱ ጎን የሙዝ ገበሬው፣ ከኢኮኖሚስቱ ጎን የጨንቻ ሸማኔ ቢቀመጥ፣ ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ መስመር ዕቅድ ውስጥ የጎደለው ድምፅ ይሞላል። ታሪክ የሚያስተምሩ ክፍሎች ሥራም ከዚህ ይጀምራል። ለተማሪዎቼ የምተወው የቤት ሥራ አለ፦ በመስቀል ሰሞን ወደ ጨንቻ ከሚወጣ አውቶቡስ ላይ ተሳፈሩ፤ ከሽሮ ሜዳ የመጡትን አባቶች ስለ መንገዱ ጠይቋቸው፤ ያሉትንም ጻፉ። የወደፊቱ መስመር ጥናት አንድ ቀን ሲጠናቀር፣ የእነሱ ቃል ከጭነቱ ቶን ጎን ሊቆም ይገባዋል።

 አሁን መድረኩ ለጥያቄና ለአስተያየት ክፍት ነው።